የአሮጌ ጀልባ ሞተሮች መለዋወጫና ቁልፍ እንዴት ይገኛል?

(በራዲዮ ከተነገረው)



በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ቁጥር የሌለው ዕቃ በዐይን ፊት ቆሞ ሳለ እንደ ጠፋ የሚቈጠር መሆኑን ነው። ወንበሩ አለ፤ ጠረጴዛውም አለ፤ ነገር ግን በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር በዕቃው ላይ ካልተገኘ አስረካቢው ሊያስረክብ፥ ተረካቢውም ሊፈርም አይችልም። ዛሬ የምንናገርለት መሣሪያ ከቢሮ ሥራ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ሆኖም ነገሩ ተመርምሮ ሲታይ ከዚሁ ከቁጥር ጉዳይ የተለየ አይደለም።

መሣሪያው በትንንሽ ጀልባዎች ኋላ የሚንጠለጠለው ሞተር ነው። ከአድማጮቻችን መካከል ወደ ባሕር ዳር ወርዶ የጣናን ገዳማት የተሳለመ፥ ወይም በአርባ ምንጭ ጫሞ ሐይቅ ላይ ጉማሬና አዞ ያየ ሰው እንዲህ ባለ ሞተር በሚነዳ ጀልባ ላይ ሳይቀመጥ አልቀረም። እኛ ግን የምንነጋገረው ስለ አዲሱ ሳይሆን ዕድሜው 50፥ 60 ወይም 70 ዓመት ስለ ሆነው አሮጌ ሞተር ነው። ሠሪው ፋብሪካ ከተዘጋ በኋላ መለዋወጫው ከየት ይመጣል? የማስነሻ ቁልፉ የጠፋበትስ ሰው ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ በይበልጥ የሚነሣው የዚህ ዓይነት ሞተር በብዛት ተሠርቶ በተሸጠበት አገር በአሜሪካ ነው። በዚያም እንደ ሚኒሶታ ባለው ሐይቅ በበዛበት ክፍለ አገር ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለሚኖሩ፥ ከጎረቤት የመኪና ቤት ጥግ እንዲህ ያለውን ሞተር አቧራ ለብሶ ያዩት ጥቂቶች እንደማይሆኑ እንገምታለን። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የሞተሩን የትውልድ ሐረግ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መለዋወጫ ፈላጊ ሰው የሚሳሳተው ብዙውን ጊዜ በትውልድ ሐረጉ ላይ ነው። ኦሌ ኤቪንሩድ በ1877 በኖርዌይ ተወልዶ በሕፃንነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ የእጅ ጥበብ ሰው ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ በዲትሮይት ከተማ ካሜሮን ዎተርማን የተባለ ሰው በጀልባ ኋላ የሚገጠም ሞተር ሠርቶ ሸጧል፤ ስለዚህ ኤቪንሩድን የመጀመሪያው ፈልሳፊ ማለት ልክ አይሆንም። ነገር ግን ሞተሩን ለሕዝብ ያለመደው እርሱ ነው። በአንድ ሞቃት ቀን ለእጮኛው አይስ ክሬም ለማምጣት ሐይቁን በመቅዘፍ ሲያቋርጥ አይስ ክሬሙ ቀልጦበት ሞተሩን ለመሥራት አሰበ ይባላል፤ ታሪኩ እውነትም ይሁን ተረት፥ ከ1909 ጀምሮ በሚልዎኪ ከተማ የሸጠው ሞተር አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበትና ወደ 28 ኪሎ የሚደርስ ክብደት ነበረው። ሚስቱ ቤስ የጽሕፈቱንና የማስታወቂያውን ሥራ ትመራ ነበር። በኋላም በእርሷ ጤንነት ምክንያት ድርሻውን ሸጦ ከንግዱ ወጣ፤ ዳግመኛ ሲመለስ ደግሞ ኤልቶ የተባለውን በአሉሚኒየም የቀለለ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ መጣ።

በዚያው ዘመን ጆንሰን የተባሉ ወንድማማቾች በኢንዲያና ክፍለ አገር የራሳቸውን ሞተር አወጡ። ከብዙ መሸጥና መቀላቀል በኋላ በ1936 ኤቪንሩድና ጆንሰን በአንድ ኩባንያ ሥር ሆኑ፤ ይህም ኩባንያ በኋላ አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን ተባለ። ሜርኩሪ የተባለው ተወዳዳሪያቸው ደግሞ በ1939 በዊስኮንሲን በካርል ኪክሄፈር ተመሠረተ። ይህ ሰው የገዛው ፋብሪካ ውስጥ ደንበኛ አልቀበልም ብሎ የመለሳቸውን ወደ 300 የሚጠጉ ብልሹ ሞተሮች አገኘ፤ እነዚያኑ አስተካክሎ በመሸጥ ሥራውን ጀመረ። የተጣለውን ማንሣት ከሥራው መሠረት የገባ ነበር ማለት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚህ ሞተሮች በገፍ ተሸጡ። ይሁን እንጂ አውትቦርድ ማሪን ኮርፖሬሽን በታኅሣሥ 2000 ከሠረ፤ ቦምባርዲየር የተባለው የካናዳ ኩባንያ በ2001 የሞተሩን ሥራ ገዛው፤ ከዚያ የወጣው ተከታዩ ድርጅትም በ2020 የኤቪንሩድን ሞተር መሥራት አቆመ። እንግዲህ በ1955 ወይም በ1960 የተሠራ ጆንሰን ሞተር ያለው ሰው አባቱ የሞተበትን ልጅ እንደሚያሳድግ ሞግዚት ነው።

ሞግዚቱ በመጀመሪያ የሚፈልገው ሰነድ በሞተሩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳዋ አብዛኛውን ጊዜ የምትገኘው ሞተሩን ከጀልባው ጋር በሚያጣብቀው ማቀፊያ ጎን ላይ ነው። በእርስዋ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው የሞዴል ቁጥር፥ ሁለተኛው የተራ ቁጥር ነው። መለዋወጫ ለማዘዝ ዋናው የሞዴሉ ቁጥር ነው፤ የተራ ቁጥሩ የሚያስፈልገው ፋብሪካው በዓመቱ መካከል አንድ ነገር የለወጠ እንደ ሆነ ነው። ሰሌዳዋ ወልቃ ወይም በጨው ውሃ ተበልታ እንደ ሆነ፥ በብዙዎቹ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ በሞተሩ አካል የተተከለች ክብ የብረት ክዳን ቁጥሩን ተቀርጾባት ይገኛል። ብሪቲሽ ሲጋል በተባለው የእንግሊዝ ሞተር ላይ ደግሞ ቁጥሩ በሞተሩ አካል ላይ ተመትቶ ይታያል።

በላይኛው ሽፋን ላይ የተጻፈውን ስምና የፈረስ ጉልበት ግን ማመን አይገባም። ሽፋን በቀላሉ ይወልቃል፤ የአንዱ ዓመት ሽፋን በሌላው ዓመት ሞተር ላይ ይደፋል። ሻጭ ሆን ብሎ ባያደርገው እንኳ ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቤት አድርጎት ይሆናል። ኮፍያ አይቶ ሰውን መለየት እንደማይቻል ማለት ነው።

ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ማንበብ አለ። ጆንሰን በድሮው ዘመን ሞዴሎቹን በፊደልና በቁጥር ይጠራ ነበር። ለምሳሌ ኪው ዲ የተባለው ባለ 10 ፈረስ ጉልበት ሞተር በ1949 ሲወጣ ቁጥሩ 10 ነበር፤ በየዓመቱም አንድ አንድ እየጨመረ ሄደ። ይህ ሞተር ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚለወጥ ማርሽ ስለ ነበረውና ቤንዚኑን በተለየ በርሜል ውስጥ ስለሚይዝ በጊዜው ትልቅ ነገር ነበር። በ1970ዎቹ በጆንሰን ሞዴል ቁጥር መጨረሻ ላይ የዓመቱ ሁለት አኃዞች በግልጽ ይጻፉ ነበር። ከ1980 ጀምሮ ግን ኩባንያው አኃዙን ትቶ ምስጢር የሚመስል ዘዴ አመጣ። አሥር የተለያዩ ፊደሎች ያሉበትን ኢንትሮዲዩሰስ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወስዶ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጠው። አይ 1፥ ኤን 2፥ ቲ 3፥ አር 4፥ ኦ 5፥ ዲ 6፥ ዩ 7፥ ሲ 8፥ ኢ 9፥ የመጨረሻው ኤስ ዜሮ ነው። ስለዚህ በሞዴሉ ውስጥ ሲ እና ኦ ተከታትለው ቢገኙ ሞተሩ የ1985 ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በጨረታ ቦታ የ1981ን ሞተር በ1989 ዋጋ ሊገዛ ይችላል፤ የሚያውቅ ግን ቆሞ ሳለ ዕድሜውን ይናገራል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጉዳይ የስም ነገር ነው። በአሜሪካ ታላላቅ የመደብር ኩባንያዎች ሞተር ከፋብሪካ ገዝተው በራሳቸው ስም ይሸጡ ነበር። ሲ ኪንግ የሚለው ስም የሞንትጎመሪ ዋርድ መደብር ስም ነው፤ ብዙዎቹን የሠራው ግን የአውትቦርድ ማሪን ክፍል የሆነው የጌል ፋብሪካ ነው። ኤልጂን የሚለው የሲርስ መደብር ስም ሲሆን፥ ብዙዎቹን የሠራው ዌስት ቤንድ የተባለው ድርጅት ነው፤ የዌስት ቤንድ ሥራ ደግሞ በ1965 ወደ ክራይስለር አለፈ። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የተጻፈው ስም የእንጀራ አባት ስም ሊሆን ይችላል። የእንጀራ አባቱን እየጠሩ መለዋወጫ መለመን ዋጋ የለውም፤ ወላጁን ማግኘት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ይህ መልካም ጎንም አለው፤ ጆንሰንና ኤቪንሩድ ከአንድ ቤት ስለ ወጡ በውስጣቸው ያለው ክፍል በብዙ ሞዴሎች ላይ አንድ ነው። ለጆንሰን ያጡትን በኤቪንሩድ ስም ያገኙታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለዋወጫ መጽሐፍ ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሞተሩ ተበትኖ እያንዳንዱ ብሎን ሳይቀር በሥዕል ተደርድሯል፤ በሥዕሉም አጠገብ የክፍሉ ቁጥር ተጽፏል። ዛሬ አብዛኞቹ በኢንተርኔት ይገኛሉ። መጽሐፉ የ1957 ከሆነ ግን በውስጡ ያለው ቁጥር ከዚያ ወዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ ሻጩ «የለም» ቢል አሮጌው ቁጥር የለም ማለቱ እንጂ ዕቃው የለም ማለቱ ላይሆን ይችላል። በቢሮ ውስጥ ፋይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲዛወር አዲስ ቁጥር እንደሚሰጠውና በድሮው ቁጥር የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን እንደሚመለስ የምታውቁ ይህን ለመረዳት አይቸግራችሁም። «ይህ ቁጥር በየትኛው ተተካ?» ብሎ መጠየቅ ግማሹን ድካም ያስቀራል።

ከሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚያልቁትና የማያልቁት የታወቁ ናቸው። የብልጭታ ኀይል የሚሰጠው ቦቢና በ1950ዎቹ በተሠሩት የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች ላይ ሽፋኑ ከጊዜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ ከ20 ዓመት በላይ ቆሞ ከነበረ መሰንጠቁን ሳያዩ እንኳ መገመት ይቻላል። ብልጭታውን የሚያገናኙትና የሚያቋርጡት ነጥቦች ይዝጋሉ። ውሃ የሚስበው ፓምፕ የጎማ ክንፍ ይደርቃል። ካንዴላ፥ የካርቡራተር ጓርኒሲዮን፥ የቤንዚን ቱቦ፥ የማርሽ ቤት ዘይት መከልከያ ጎማ ሁሉም ያልቃሉ። ደስ የሚያሰኘው ግን እነዚሁ የሚያልቁት ክፍሎች ዛሬም ለብዙዎቹ ሞዴሎች አዲስ ሆነው የሚሠሩ መሆናቸው ነው፤ ሞተሩን ያልሠሩ ሌሎች ድርጅቶች ገበያ ስላዩበት ይሠሯቸዋል።

የማይገኘው በመጀመሪያ ያልቃል ተብሎ ያልታሰበው ነው። የማርሽ ቤቱ፥ ማቀፊያው፥ የላይኛው ሽፋን፥ የካርቡራተሩ አካል፥ በፋብሪካ ቀልጠው የፈሰሱት ትልልቅ ክፍሎች ሁሉ ዳግመኛ አይሠሩም። ለእነዚህ ያለው መንገድ አንድ ነው፤ ይኸውም ሌላ የሞተ ሞተር ገዝቶ ማረድ ነው። ዐዋቂዎቹ አንዱን ለማስነሣት ሁለት፥ አንዳንድ ጊዜም ሦስት ይገዛሉ። በ1965 በአሜሪካ የተቋቋመው የአሮጌ ጀልባ ሞተሮች ክበብ አባላት በየጊዜው ተሰብስበው የሚለዋወጡትና የሚሸጡት በአብዛኛው እንዲህ ያለውን ነው። ከእነርሱ መካከል ትልቅ ሀብት ያለው ብዙ ሞተር የደረደረ ሳይሆን የትኛው ክፍል ለየትኛው ዓመት እንደሚሆን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። ትንንሾቹ ሞተሮች በገመድ ተስበው ስለሚነሡ ቁልፍ የላቸውም። ቁልፍ የመጣው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ትልልቆቹ ሞተሮች በባትሪ መነሣት ሲጀምሩ ነው። ቁልፉ የጠፋበት ሰው በመጀመሪያ መዶሻና ጉጠት ከማንሣት ይልቅ የቁልፉን መግቢያ ፊት በጨርቅ ጠርጎ በደንብ ይመልከት። በብዙዎቹ ላይ ትንሽ ቁጥር ተቀርጿል፤ ያው ቁጥር በጠፋው ቁልፍ ራስ ላይም ነበረ። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ሞተር የተለየ ቁልፍ አልሠራም፤ የቁልፎቹ ዓይነት ጥቂት ስለ ሆነ በቁጥሩ ብቻ አዲስ ቁልፍ ገዝቶ ማግኘት ይቻላል። ይህ ለባለቤቱ ምቹ ነው፤ ለሌባም እንዲሁ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ ብሎ ጀልባውን በወደብ ትቶ የሚተኛ ሰው፥ በጎረቤቱ ኪስ ያው ቁልፍ ሊኖር እንደሚችል ይወቅ። ሞተርን የሚጠብቀው ሰንሰለት ነው እንጂ የማስነሻ ቁልፍ አይደለም።

ቁጥሩ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ የቁልፍ ቤቱን ፈቶ ወደ ቁልፍ ሠሪ መውሰድ፥ ወይም የቁልፍ ቤቱን ከነቁልፉ በአዲስ መተካት ነው። ከዚህ ላይ ግን ብዙ ሞተር የተቃጠለበት ስሕተት ስላለ ጥቂት እንቆይበት። የመኪና ሞተር ብልጭታውን የሚያገኘው ከባትሪ ነው፤ ቁልፉ ሲዞር ኤሌክትሪክ ይላካል፥ ሲመለስ ይቋረጣል። በማግኔቶ የሚሠራው የጀልባ ሞተር ግን ብልጭታውን ራሱ ያመነጫል፤ ባትሪው የሚጠቅመው ለማስነሣት ብቻ ነው። ይህን ሞተር ለማጥፋት የማግኔቶው ኤሌክትሪክ ወደ ሞተሩ ብረት እንዲወርድ ይደረጋል። ስለዚህ የሁለቱ የቁልፍ ቤቶች በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ ተቃራኒ ናቸው። ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የተገዛ የቁልፍ ቤት በማግኔቶ ሞተር ላይ ቢገጠም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ማግኔቶው ልኮ ሊያበላሸው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ጥቂት ገንዘብ ለማትረፍ ሲባል ነው። ሻጩን «ለማግኔቶ የሚሆነውን ስጠኝ» ማለት ይበቃል።

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ቁልፍ ተብላ የምትጠራ ሌላም ክፍል አለች፤ ዝርዝሩን የሚያነብ ሰው እንዳይደናገር ልናነሣት ይገባል። ከላይ ያለው ከባድ መሽከርከሪያ በዘንጉ ላይ ቦታውን ሳይለቅ እንዲቀመጥ በመካከላቸው የምትገባ ግማሽ ጨረቃ የመሰለች ትንሽ ብረት ናት። ይህች ብረት ከተቈረጠች ወይም ከተጣመመች ብልጭታው በጊዜው አይመጣም። ሰውየው ካንዴላ ይለውጣል፥ ቦቢና ይለውጣል፥ ካርቡራተር ይፈታል፤ ጥፋቱ ግን ከጥፍር የማትበልጥ ብረት ላይ ነው።

ከእርሷም ይልቅ ለሕይወት የምታሰጋው በፕሮፔለሩ ዘንግ ውስጥ አቋርጣ የምትገባው ችንካር ናት። ይህች ችንካር የተሠራችው እንድትሰበር ነው። ፕሮፔለሩ ከድንጋይ ወይም ከግንድ ጋር ሲጋጭ እርሷ ተሰብራ ማርሹን ታድናለች። ታዲያ ሐይቁ መካከል ተሰብራ ምትክ ከሌለ ሞተሩ ይጮኻል፤ ጀልባው ግን አይንቀሳቀስም። ነፋስ ከተነሣ ጀልባው ወገቡን ለማዕበል ሰጥቶ መንሳፈፍ ይጀምራል። ስለዚህም አንዳንድ ፋብሪካዎች በሽፋኑ ውስጥ ትርፍ ችንካር የምትቀመጥበት ስፍራ አበጅተው ነበር። አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ያ ስፍራ ባዶ መሆኑን ባየ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ እርሱን ይሙላ። በምትኳ ምስማር የሚሰኩ አሉ፤ ጠንካራ ምስማር ከሆነ በሚቀጥለው ግጭት የሚሰበረው ያ የማይገኘው ማርሽ ይሆናል። መቅዘፊያም ከጀልባው አይለይ፤ ኤቪንሩድ የጠላው ቢሆንም።

ስለ ነዳጁም አንድ ቃል እንጨምር። እነዚህ ሞተሮች ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚሰጣቸው ናቸው። ከ1964 በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ የጆንሰንና የኤቪንሩድ ሞተሮች 24 እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት ሲፈልጉ፥ ከዚያ ወዲህ ያሉት በብዛት 50 ለ 1 ይበቃቸዋል። የድሮዎቹ ሲጋሎች እንኳ 10 ለ 1 ይጠጡ ነበር። የዘይቱ ዓይነት ለጀልባ ሞተር የተሠራው፥ በቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበት ይሁን። በ1950ዎቹ የነበረው ባለ ሁለት ቱቦ የቤንዚን በርሜል ከሞተሩ በሚመጣ ግፊት ስለሚሠራ፥ ጎማዎቹ አርጅተው ከሆነ ቤንዚን በግፊት ይረጫል፤ በዚህ መቀለድ አይገባም። ብዙዎች ዛሬ የቤንዚን ፓምፕ ገጥመው ተራውን በርሜል ይጠቀማሉ፤ የጥንቱን መልክ የሚወዱ ሰዎች ቢከፋቸውም እኛ ልክ አድርገዋል እንላለን። ሞተሩንም ከውሃ ውጭ አስነሥቶ መሞከር አይገባም፤ የፓምፑ የጎማ ክንፍ በደረቁ ሲዞር በጥቂት ጊዜ ይበላሻል።

የማዘዣውን ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው የሞተሩን ወላጅ ስም፥ ዓመቱን፥ የሞዴሉንና የተራውን ቁጥር፥ የሚፈልገውን ክፍል ቁጥርና ብዛት በአንድ ገጽ ላይ ያስፍር። ቦቢና፥ ማርሽ፥ ችንካር የመሳሰለውን ከፋብሪካው ዘመን ጀምሮ በመጋዘን የቆየ፥ ማሸጊያው ያልተከፈተ ቢያገኝ ማርሹንና ችንካሩን ያለ ሥጋት ይግዛ፤ ቦቢናውን አስመርምሮ ይውሰድ። የጎማ ክፍል ከሆነ ግን ማሸጊያው ምንም ቢያምር 50 ዓመት በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጎማ በጀልባ ላይ ካረጀው ጎማ እምብዛም አይሻልምና፥ በቅርብ ዓመታት የተሠራውን እንዲልኩለት ለይቶ ይጻፍ።